ፕሮስቴቱ ለወጣ ሰው ‹‹መደበኛ›› ስንት ነው? ከጎንደር የአንድ ታካሚ ጉዳይ

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአጎቴ ልጅ አንዲት የላቦራቶሪ ወረቀት ይዛ ፒያሳ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። ዝናቡ ገና አላባራም፤ ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ ስትገባ ፊቷ ፈክቶ ነበር። ወረቀቱ ላይ ‹‹ፒኤስኤ፦ ከ0.5 በታች›› ተጽፏል፤ ፒኤስኤ ፕሮስቴት አመንጭቶ ወደ ደም የሚያሾልከው ፕሮቲን ነው። አጠገቡ ‹‹መደበኛ ክልል፦ 0–4›› ይላል፤ ግርጌው ላይ ክብ ማኅተም አለ። ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ የአባባ ደም ንጹሕ ነው አሉን›› አለችኝ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስታዋን ማበላሸት ከበደኝ እንጂ ያ ወረቀት በካንሰር ምክንያት ፕሮስቴታቸው ስለወጣላቸው ስለ አጎቴ የሚናገረው አንዳች ነገር አልነበረም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ወደተደረገው ውሳኔ መመለስ አለብኝ።

ይህን የምጽፈው በአጎቴ ፈቃድ ነው። ስማቸውን፣ ሰፈራቸውንና የታከሙባቸውን ተቋማት ትቻለሁ፤ ቁጥሮቹን ግን የገለበጥኩት እሳቸው በእጃቸው ከሚጽፉት መዝገብ ነው። እኔ ፋርማሲስት እንጂ የካንሰር ሐኪም አይደለሁም። ጉዳዩን የተከታተልኩት እንደ ወንድም ልጅ፣ ወረቀት አንባቢና ስልክ ደዋይ ሆኜ ነው።

ታካሚውና ወረቀቱ

አጎቴ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ 66 ዓመታቸው ነበር፤ ጡረታ የወጡ ሳኒታሪያን ናቸው። ጎንደር ውስጥ ይህ ሙያ ማብራሪያ አይጠይቅም፤ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንንና ከማኅበረሰብ ነርስ ጋር ሳኒታሪያን ሲያሠለጥን የኖረባት ከተማ ናት። ደምቢያና ወገራ ውስጥ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ፣ ምንጭ ሲያጎለብቱ፣ የሥጋ ቤትና የጠላ ቤት ንጽሕና ሲቆጣጠሩ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። የሚነገራቸውን ያዳምጣሉ፤ ነገር ግን ሁሉንም ነገር መልሰው ወደ ጉድጓድ ይወስዱታል።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት መነሣት ሲበዛባቸው ተመረመሩ። እንዲህ ያለው ምልክት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዕድሜ ጋር ከሚያድግ ፕሮስቴት እንጂ ከካንሰር አይደለም፤ እሳቸውን ግን ወደ ምርመራ ያደረሳቸው እሱ ነው። ፒኤስኤያቸው 14.2 ሆኖ ተገኘ። በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰር ነው፣ የካንሰሩን ጠበኝነት የሚለካው የግሊሰን ነጥቡም 4+3 ነው ተባለ። በምስል ምርመራ ወደ ሌላ አካል የመሠራጨት ምልክት አልታየም። በመጋቢት 2014 አዲስ አበባ ውስጥ ፕሮስቴታቸው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ወጣ።

ቀዶ ሕክምናው አለቀ፣ ቱቦው ወጣ፣ ወደ ጎንደር ተመለሱ። ሁሉም ሰው ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የፓቶሎጂው፣ የወጣው ሥጋ ምርመራ፣ ውጤት ደረሰ።

ወረቀቱን ያነበብነው ቤታቸው ውስጥ፣ ቡና እየተፈላ ነው። አራት ነገሮች ተጽፈዋል። አንደኛ፣ ካንሰሩ የፕሮስቴቱን ሽፋን ጥሶ ወጥቷል። ሁለተኛ፣ የዘር ፈሳሽ ከረጢቶቹ ንጹሕ ናቸው። ሦስተኛ፣ አብረው ከወጡት ዘጠኝ የሊምፍ ዕጢዎች በአንዱም ውስጥ ካንሰር የለም። አራተኛው ‹‹ጠርዝ፦ ፖዘቲቭ፣ 3 ሚሊ ሜትር፣ በታችኛው ጫፍ›› ይላል። አክስቴ ‹‹ፖዘቲቭ›› የሚለውን ስትሰማ እልል አለች። በጎ ዜና መስሏት ነው፤ የማርያም ጠላ ሊጠመቅ ሁሉ ነበር። ፓቶሎጂስቱ የወጣውን ሥጋ ከመቁረጡ በፊት ገጹን በቀለም ይቀባዋል፤ ከዚያ በአጉሊ መነጽር ሲያየው የካንሰሩ ሕዋስ ቀለሙን ነክቶ ከተገኘ ቢላው ያለፈው በካንሰሩ መካከል ነው ማለት ነው። ስለዚህ ‹‹ፖዘቲቭ›› ማለት ምናልባት የቀረ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ለአክስቴ ማስረዳት ለእኔ ወደቀ። ሲኒው እጇ ላይ ቀረ።

‹‹ምናልባት›› የሚለውን ቃል ግን አስምሩበት። ጠርዙ እንዲህ ሆኖ ከተገኘ በኋላም በሽታው የማይመለስባቸው ብዙ ወንዶች አሉ። የቀረ ነገር መኖሩንና አለመኖሩን የሚናገረው ደሙ ነው። ፕሮስቴቱ ከወጣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ፒኤስኤ ሊለካ ወደማይችልበት ዝቅታ መውረድ አለበት። የአጎቴ በግንቦት 2014፣ በስምንተኛው ሳምንት፣ 0.02 ሆነ። ይህ መልካም ነበር። ጥያቄው ከዚህ በኋላ መጣ፦ ወረቀቱ ‹‹ቀርቶ ሊሆን ይችላል›› ይላል፣ ደሙ ‹‹ምንም የለም›› ይላል፤ የቀረውን ለመግደል የሚሰጠው የጨረር ሕክምና አሁን ይሰጥ ወይስ ይጠበቅ?

ክርክሩ

አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድ ልጃቸው የባንክ ሠራተኛ ነው፤ አቋሙ ግልጽ ነበር። ‹‹ዕዳ እያለ ወለድ አይጠበቅም። ቀርቷል ተብሎ በወረቀት ከተጻፈ ዛሬውኑ ይቃጠል›› ይላል። ሴት ልጃቸው ጎንደር ናት፤ አባቷን የምታስታምመው እሷ ስለሆነች ያልተነገረውን ታውቃለች። በዚያን ወቅት አጎቴ በቀን ሦስትና አራት ዳይፐር ይቀይሩ ነበር። ሲያስሉ፣ ሲነሡ፣ ደረጃ ሲወጡ ሽንት ያመልጣቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን በየእሑዱ ያስቀድሱ የነበሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ቆመው ነበር የሚሰሙት። አልገባም ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ማንም አልከለከላቸውም። ይህን ለሐኪሙ አልተናገሩም። ለእኔም የነገረችኝ ልጅቱ ናት።

አጎቴ ራሳቸው መጀመሪያ ላይ ከወንድ ልጃቸው ጋር ነበሩ። ምክንያታቸው ከጉድጓድ ተቀድቶ የመጣ ነው። ‹‹አተት በገባ ጊዜ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞርን ክሎሪን እንጨምር ነበር። የትኛው እንደተበከለ አንጠይቅም። እስክንመረምር ሰው ያልቃል›› አሉኝ። መልስ ለመስጠት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በኋላ ‹‹አተት በሌለበት ዓመትስ ጋሼ?›› ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹‹በሌለበት ዓመትማ ናሙና ይወሰዳል። ክሎሪን እኮ በነጻ አይመጣም፤ ሰውም ጣዕሙን ይጠላና ወደ ወንዙ ይመለሳል›› አሉ። እንግዲህ መለየት የነበረብን የእሳቸው ሁኔታ ከሁለቱ የትኛውን ዓመት እንደሚመስል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መልሱ ለወንድ ልጃቸው ያደላ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረና 425 ወንዶች የገቡበት ጥናት፣ ካንሰሩ ከሽፋኑ ለወጣ ሰው ቶሎ ጨረር መስጠት ዕድሜ እንደሚያራዝም አሳይቶ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ጥናት እንዲጠብቁ ከተደረጉት ወንዶች ብዙዎቹ ጨረር ጨርሶ አላገኙም፤ ያገኙትም ፒኤስኤው ከፍ ካለ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥናቱ ያወዳደረው ቶሎ መታከምን ከመዘግየት ጋር እንጂ ነቅቶ ከመጠበቅ ጋር አይደለም።

ነቅቶ መጠበቅን የፈተኑት በኋላ የመጡት ናቸው። ራዲካልስ የተባለው ትልቁ ጥናት 1,396 ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ወዲያው ጨረር ሰጠ፤ ግማሾቹን ደግሞ ፒኤስኤ 0.1 ሲደርስ ወይም ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲጨምር ብቻ። በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ውጤት በአምስተኛው ዓመት ፒኤስኤያቸው ያልተመለሰባቸው ቶሎ ጨረር ከወሰዱት ከ100ው 85፣ ከጠበቁት 88 መሆናቸውን አሳየ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት የዚህና የሌሎች ሁለት ጥናቶች 2,153 ተሳታፊዎች አንድ ላይ ሲታዩም መደምደሚያው ያው ሆነ፤ እንዲያውም ከጠበቁት ውስጥ እስከዚያ ጊዜ ጨረር ያስፈለጋቸው ከ10 ሰው 4 ያህሉ ናቸው። የሽንት ቧንቧ ጠባሳና መጥበብ በበረታ ደረጃ የደረሰባቸው ቶሎ ከወሰዱት ከ100ው 6፣ ከጠበቁት 4 ነበሩ። ሽንት ማምለጡም ቶሎ ጨረር በወሰዱት ላይ በመጀመሪያው ዓመት ብሶ ታይቷል።

በነዚህ ጥናቶች ውስጥ እጅግ አደገኛ ገጽታ የነበራቸው ወንዶች ጥቂት ናቸው። ካንሰሩ የዘር ፈሳሽ ከረጢቶቹን የነካ፣ የግሊሰን ነጥቡ ከ8 እስከ 10 የሆነ፣ ወይም የሊምፍ ዕጢ ውስጥ የገባ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ‹‹እኔም እጠብቃለሁ›› ማለት የለበትም፤ ለእንዲህ ያለው ዛሬም ብዙ ሐኪሞች ቶሎ መስጠትን ይመርጣሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፒኤስኤው ጨርሶ ያልወረደለት ሰውም ጉዳዩ ሌላ ነው። አጎቴ ከነዚህ ውስጥ አልነበሩም። መካከለኛ ቦታ ላይ ነበሩ፤ ሽፋኑ ተጥሷል፣ ጠርዙ ተነክቷል፣ ሌላው ንጹሕ ነው። ክርክር የሚበዛው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

የሐኪሟ ጥያቄ

በሐምሌ 2014 ከአዘዞ በአውሮፕላን ተነሥተን አዲስ አበባ ሄድን። በዚያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ የጨረር ሕክምና አልነበረም። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም ‹‹ይጠበቅ›› አለ። ይህን ከእሱ ጠብቀነው ነበር። የፈራነው የጨረር ሐኪሟን ነው፤ የራሷን መሣሪያ የምትተው አልመሰለንም።

ወጣት ናት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ካየች በኋላ ስለ ካንሰሩ ምንም ሳትል ‹‹አባባ፣ ሽንትዎ እንዴት ነው?›› ብላ ጠየቀች። አጎቴ ‹‹ደኅና ነው›› አሉ። ልጃቸው ወደ መሬት አየች። ሐኪሟ አየቻት። ‹‹በቀን ስንት ጊዜ ይቀይራሉ?›› አለች፤ አሁን ጥያቄው ለማን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ‹‹ሦስት። አንዳንድ ቀን አራት›› አሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ የተነገረው ትልቁ መረጃ ይህ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሽንት መቆጣጠሪያው ጡንቻ ኃይሉን እየመለሰ የሚሄደው ለወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ሙሉ ነው፤ ጨረር በዚያ መካከል ከገባ ማገገሙ ባለበት ሊቆም ይችላል። ሐኪሟ እንዳለችው ‹‹ዛሬ ብሰጥዎ ምናልባት እዚህ ላይ ነው የሚቀሩት።››

ከዚያ በኋላ ሁላችንንም እያየች የጠየቀችው ነው ጉዳዩን የወሰነው። ‹‹በየሦስት ወሩ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለተኛው አኃዝ ድረስ በሚያነብ ማሽን ይህን ደም ማስመርመር ትችላላችሁ? ሳትዘሉ? ካልቻላችሁ አሁን ልስጣቸው፤ እውነቴን ነው።››

ይህ ነገር ጥናቶቹን ሳነብ አልታየኝም ነበር። እዚያ የተሳተፉት ወንዶች ቀጠሮ የሚያስታውሳቸው፣ ቢቀሩ የሚደውልላቸው ሰው ነበራቸው። ‹‹መጠበቅ›› ተብሎ የተመዘነው ያ ሁሉ ተጨምሮበት ነው። እኛ ጎንደር ላይ ‹‹እንጠብቃለን›› ብለን ብንተኛ፣ የምናደርገው በ1988ቱ ጥናት ሳይታከሙ የቀሩት ሰዎች ያደረጉትን ነው።

ልጅቱ ‹‹እችላለሁ›› አለች። አጎቴም ያን ጊዜ ነው ሐሳባቸውን የቀየሩት። ‹‹ናሙና የሚወስድ ካለ፣ ክሎሪኑ ይቆይ›› አሉ። ሐኪሟ ነገሩ አልገባትም፤ እኔም አላብራራሁላትም።

ውሉ በአንድ ገጽ ተጻፈ። ምርመራው በየሦስት ወሩ፣ ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ዓይነት ማሽን ይደረጋል፤ ማሽን ሲለያይ ትናንሽ ቁጥሮች ይለያያሉና ያልጨመረውን የጨመረ ያስመስላሉ። ቁጥሩ 0.1 ከደረሰ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ ከተረጋገጠ ጨረሩ ይጀመራል። ሦስት ተከታታይ ጭማሪ ከታየም እንዲሁ። በምንም ምክንያት 0.2 ማለፍ የለበትም፤ ዘግይቶ የሚሰጥ ጨረር የሚሠራው ፒኤስኤ ገና ዝቅ ብሎ ሳለ ነው፣ ከ0.5 ካለፈ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል።

መዝገቡ

አጎቴ ቤት እንደገቡ ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር ደብተር መግዛት ነው። በማስመሪያ አምዶች አሰመሩ፦ ቀን፣ ናሙናውን የወሰደው ሰው፣ ላቦራቶሪ፣ ቁጥር፣ ፊርማ። ልክ የጉድጓድ መዝገብ ነው። ‹‹ፊርማው ለምንድን ነው?›› ብላቸው ‹‹ያልተፈረመ ናሙና ናሙና አይደለም›› አሉኝ። ደሙ ጎንደር ይቀዳል፤ በበረዶ ሣጥን ታሽጎ አዲስ አበባ ይላካል፤ ውጤቱ በስልክ ይመጣል፤ ወረቀቱ እስኪደርስ ቁጥሩ በእርሳስ፣ ከደረሰ በኋላ በቀለም ይጻፋል።

ነሐሴ 2014፣ 0.02። ኅዳር 2015፣ 0.02።

በዚህ መካከል የዳሌ ወለል ጡንቻ እንቅስቃሴውን አጥብቀው ያዙት። ሽንት እንደሚያቆም ሰው ጡንቻውን ጨብጦ መያዝ፣ እስከ አሥር መቁጠር፣ መልቀቅ። በእግር ሲሄዱ ከስልክ ምሰሶ እስከ ስልክ ምሰሶ ይቆጥሩ ነበር። በጥር 2015 ዳይፐሩ በቀን አንድ ሆነ፤ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ እሱም ቀረ። በሆሳዕና ዕለት ገብተው አስቀደሱ። ልጅቱ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መዝገቡ ውስጥ ግን ለእንዲህ ያለው ነገር አምድ አልተሰመረለትም።

የካቲት 2015፣ 0.04። ግንቦት 2015፣ 0.06።

ሁለት ጭማሪ። በእንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ላይ የማሽኑ መወላወልም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሟም ‹‹የነሐሴውን እንይ›› አለች። የነሐሴው ግን በወጉ አልመጣም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ለቀናት ተቋረጠ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ የየብሱን መንገድ የሚደፍረው ጥቂት ሰው ነበር። በረራው ሲመለስም የደም ናሙና የሚልኩልን ሰዎች ሥራውን ወዲያው አልቀጠሉም። ልጅቱ ቀጠሮ ላለመዝለል ከተማው ውስጥ ወዳገኘችው አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ አባቷን ወሰደች። በዝናብ ወደ እኔ ይዛ የመጣችው ወረቀት የዚያ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ሁለት ስሕተቶች ተደራርበዋል። የመጀመሪያው ማሽኑ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማሽን ነው፤ ማንበብ የሚጀምረው ከ0.5 ጀምሮ ነው። እኛ የምንፈልገው 0.1 ላይ መድረስ አለመድረሱን ነው። የእህል ሚዛን ላይ የወርቅ ቀለበት አስቀምጦ ‹‹ክብደት የለውም›› እንደማለት ነው። ሁለተኛውና የባሰው ‹‹መደበኛ ክልል፦ 0–4›› የሚለው ነው። ይህ ክልል የተሠራው ፕሮስቴት ላለው ሰው ነው። ፕሮስቴቱ የወጣለት ሰው ፒኤስኤ የሚያመነጭ አካል የለውም፤ ደሙ ውስጥ 0.3 ቢገኝ በሽታው ተመልሷል ማለት ነው፤ ወረቀቱ ግን ‹‹መደበኛ›› ይለዋል። 3.5 ቢሆንም ‹‹መደበኛ›› ይለዋል። ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው የመጡ፣ ‹‹ነጻ ወጣሁ›› ብለው ክትትል ያቆሙ ሁለት ሰዎች አጋጥመውኛል። ክልሉን የሚያትመው ማሽኑ ነው፤ ማሽኑ የታካሚውን ታሪክ አያውቅም፤ ወረቀቱን የሚያስረክበው ሰው ግን ሊጠይቅ ይችል ነበር።

ለአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኜ አስረዳኋት። አላለቀሰችም። ‹‹ታዲያ ሦስት ወሩ አለፈ ማለት ነው›› አለችና ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አጎቴ በመዝገቡ ላይ በነሐሴ አንጻር ቁጥር አልጻፉም። ‹‹ናሙና አልተወሰደም›› ብለው ፈረሙበት።

በዚህ ጉዳይ ጥፋተኛ ካለ አንዱ እኔ ነኝ። ውሉን ስንጽፍ ላቦራቶሪውን፣ ቁጥሩን፣ ቀኑን አሰብን፤ ‹‹መንገድ ቢዘጋስ?›› የሚል አንድ መስመር አልጨመርንም። በዚያ ዓመት ጎንደር ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን መርሳቱ ይቅር የሚባል አይመስለኝም።

ውሳኔው ሲመለስ

በመስከረም 2016 መጨረሻ አባትና ልጅ በአውሮፕላን ሄዱ። 0.11። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተደገመ፤ 0.12።

የመጀመሪያው ስልክ የመጣው ከወንድ ልጃቸው ነው። ‹‹አላልኳችሁም?›› አለኝ። አልመለስኩለትም። ሐኪሟ በሲቲ ስካን አየቻቸው፤ ምንም አልታየም፣ መታየትም አይጠበቅም ነበር፤ በእንዲህ ያለ ዝቅተኛ ፒኤስኤ ሕዋሶቹ በምስል ለመታየት እጅግ ጥቂት ናቸው። ‹‹የማይታይ ነገር በምን ይመታል?›› የሚለው የአክስቴ ጥያቄ ተገቢ ነው። የሚመታው ፕሮስቴቱ የነበረበት ቦታ ነው፤ የቀረ ካለ መጀመሪያ የሚቀረው ጠርዙ በተነካበት በዚያው ሰፈር ነውና። የወንድ ሆርሞንን የሚቀንስ የስድስት ወር መርፌ አብሮ ይሰጥ እንደሆነም ተነሣ። ፒኤስኤው ገና ዝቅተኛ ስለሆነና አጎቴ ስኳር ስላለባቸው ሐኪሟ ተወችው።

ሕክምናው በኅዳር 10 ቀን ተጀመረ። በጠቅላላው 66 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ በ33 ቀን ተከፋፍሎ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ማንም ያልነገረን ችግር የመጣው በአምስተኛው ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ገባ።

በየቀኑ ከጨረሩ በፊት ፊኛቸው መሙላት አለበት። የሞላ ፊኛ አንጀትን ወደ ላይ ገፍቶ ከጨረሩ ያርቃል፤ ራሱም አብዛኛው ክፍሉ ከጨረሩ ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ተራቸው ከመድረሱ ከአንድ ሰዓት በፊት ግማሽ ሊትር ውኃ ጠጥተው፣ ሳይሸኑ መጠበቅ አለባቸው። ተራቸው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፋቸው የማይገባ ጿሚ ናቸው። የንስሐ አባታቸው ከጎንደር በስልክ ‹‹መድኃኒት ነው፣ ይጠጡ›› ብለው ፈቀዱ፤ አጎቴ ግን ውኃውን ሲጠጡ ወደ ግድግዳ ዞረው ነበር። ሌላው ምግቡ ነው። የፊንጢጣው አንጀት በጋዝ ከተነፋ ዒላማው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ቴክኒሻኑ ሁለት ጊዜ ከጠረጴዛው አስነሥቶ ‹‹ትንሽ ተራምደው ይመለሱ አባባ›› ብሏቸዋል። ‹‹ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ ይቀንሱ›› ተባሉ። በጾም ባቄላና ምስር ከተቀነሰ ምን ይቀራል? ምራታቸው ለአንድ ወር ተኩል በሩዝ፣ በድንች፣ በካሮትና በተልባ አሳለፈቻቸው። ዕድሜ ልኩን ሽሮ የበላ ሰው ሩዝ ሲቀርብለት የሚያሳየውን ፊት አይቼዋለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ማሽኑ ለጥቂት ቀናት ቆመ፤ ተጠገነ፣ ቀጠለ። ሲጨርሱ ገና አልፏል። ጥምቀትን ጎንደር ለመድረስ ቸኩለው ደረሱም፤ ከፋሲለደስ መዋኛ ግን አልወረዱም። በየግማሽ ሰዓቱ ሽንት ያጣድፋቸው ነበር፤ ሲሸኑም ያቃጥላቸዋል። ታቦታቱ ሲመለሱ ከአንድ ዘመድ ቤት በረንዳ ላይ ቆመው አዩ። ዳይፐሩ በቀን አንድ ሆኖ ተመለሰ፤ በግንቦት እንደገና ቀረ። በሰገራ ላይ አልፎ አልፎ ጥቂት ደም ታይቶ ነበር፤ እሱም በበጋው ማብቂያ ቆመ።

ሚያዝያ 2016፣ 0.04። ጥቅምት 2017፣ 0.02።

ወንድ ልጃቸው ዛሬም አልተረታም። ከጥቂት ወራት በፊት የራዲካልስን የአሥር ዓመት ውጤት በስልክ ላከልኝ፤ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ያልሠራጨባቸው ቶሎ ጨረር ከወሰዱት ከ100ው 93፣ ከጠበቁት 90 ናቸው። ‹‹ሦስቱ የማን አባቶች ናቸው?›› ብሎ ጻፈበት። አጥኚዎቹ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል ብለዋል፤ ይህንኑ መለስኩለት። ለአባት ሕይወት ለሚከራከር ልጅ ይህ መልስ ቀዝቃዛ እንደሆነ ግን አውቃለሁ። የእኔ አስተያየት አልተቀየረም፦ በሐምሌ 2014 ጨረሩን ቢወስዱ ኖሮ በሦስትና በአራት ዳይፐር ላይ ሳሉ ይወስዱት ነበር፤ በወሰዱበት ጊዜ ግን ጡንቻቸው ተመልሶ ጠንክሮ ነበር፣ ቁጥሩም 0.2 አላለፈም። የአንድ ወር ተኩሉ መዘግየት ግን አሁንም አይመቸኝም።

አጎቴ በክርክሩ አይገቡም። መዝገባቸው ላይ አንድ አዲስ አምድ አስምረዋል፤ ‹‹ማሽኑ ከስንት ጀምሮ ያነባል›› ይላል። በነሐሴው ወረቀት ጉዳይም ለዚያ ላቦራቶሪ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ፕሮስቴቱ የወጣለት ሰው ሲመጣ 0–4 የሚለው እንዲሰረዝና ማሽኑ የማያነበው ቁጥር ቢጠየቅ ‹‹አንችልም›› እንዲባል። መልስ አልመጣም። ‹‹ለሥጋ ቤትም በመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ አይመጣም፤ በሁለተኛው ጉብኝት ነው›› አሉኝና ባለፈው ማክሰኞ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። ለሐሙስ ቀጠሮ ይዘዋል።